ድንጋይም አድራሻ አለው

የዛሬው ትምህርታችን የድንጋይን መገኛ ስለ መመዝገብ ነው።

ከጃጁራ ወደ ደቡብ፣ በወላይታ፣ የዳሞታ ተራራ አለ። በተራራው ሞቼና ቦራጎ በሚባለው ዋሻ፣ ከ40,000 ዓመት በፊት ሰዎች ከባልጩት የሠሯቸው መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ባልጩት ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ፣ ሲሰበር ስለት የሚያወጣ ድንጋይ ነው። በሐዲያም ቆዳ ሲፋቅበት ኖሯል።

ያ ባልጩት ከየት መጣ? የአንዱ ቦታ ባልጩት ቅመም ከሌላው ይለያል፤ ሊቃውንት ለክተው ያውቁታል። ነገር ግን መገኛው ከታወቀ ድንጋይ ጋር ካላስተያዩት፣ ልኬቱ ብቻውን አይናገርም። ቦታው ያልተጻፈለት ድንጋይ አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ ነው።

ስለዚህ ከተራራ ላይ ድንጋይ ስታነሡ እንዲህ ጻፉ፦

1. ቦታውን ሽማግሌዎች በሚጠሩበት ስም። አዲስ ስም አታውጡ።
2. ቀበሌውን፣ የተራራውን ወገን፣ በአቅራቢያው ያለውን ወንዝ ወይም መንገድ።
3. ቀኑን።

ወረቀቱንና ድንጋዩን በአንድ ከረጢት አኑሩ። በዋሻ ውስጥ ያለውን ግን አትንኩ፤ ቦታውን ብቻ ጽፋችሁ ለወረዳው አስታውቁ።

የቦታውን ስም የሚያውቁ አዛውንት ሲያልፉ፣ ያልተጻፈው ስም አብሮ ያልፋል። እናንተ ግን ዛሬ መጻፍ ችላችኋል። ደኅና ዋሉ።