የቡቺ መርፌ

አምቦ ላይ የውሻ ቆዳ ሲበላሽ ስሙ አንድ ነው፤ እከክ። ፀጉሩ ቢረግፍ እከክ፣ ብብቱ ቢጠቁር እከክ፣ ጆሮው ቢሸት እከክ። ጉደርና ጊንጪም ያው ነው። አንዱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል (ውሻው ይልሰውና ሌላ ጣጣ ይመጣል)፤ ሌላው አይቨርሜክቲን ያስወጋዋል። አይቨርሜክቲን የእከክን ተባይ ይገድላል፤ ፈንገስን ግን አይነካም።

ክረምት ሲገባ አንዲት እናት ቡቺን በገመድ እየጎተቱ የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ይደርሳሉ።

«ልጄ፣ አምና የተወጋው መርፌ ፍቱን ነበር፤ ያንኑ ድገምልኝ።»

«እማማ፣ መጀመሪያ ልየው።»

የአምናው መርፌ ዴክሳሜታዞን ነው። ማሳከኩን ቶሎ ያበርዳል፤ የቆዳውን መከላከያም አብሮ ያደክማል። ባለቤቱ ዳነ ሲል ፈንገሱ ይደላደላል።

ምርመራው ርካሽ ነው። ስኮች ቆዳው ላይ ተለጥፎ ይነሳል፣ ቀለም ይነካል፣ ማይክሮስኮፕ ስር ይገባል። ኦቾሎኒ የመሰሉ ሴሎች ተኮልኩለው ይታያሉ፤ ማላሴዚያ ይባላሉ፣ የእርሾ ወገን ናቸው። ሰው ላይ ቋቁቻ የሚያወጡት የእነሱ ዘመዶች ናቸው። ጭርት ግን ሌላ ነው፤ ፀጉሩን ክብ አድርጎ ይመልጠዋል፣ ቡችላውን ያቀፈ ልጅም ይጋባበታል።

በአገራችን የእንስሳት ፈንገስ ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰው የጋሪ ፈረስ ነው። ጎበና አመኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በ28 ከተሞች ከታዩት 19,082 የጋሪ ፈረሶች 18.8 በመቶው ቆዳቸውን የሚያቆስል የፈንገስ በሽታ ነበረባቸው። ያ ፈንገስ ከውጭ መጥቶ የጋሪው ዕቃ በላጠው ቁስል ይገባል። የውሻው እርሾ ግን ጤነኛ ቆዳ ላይም ነዋሪ ነው፤ ጨርሶ ማጥፋት አይታሰብም። መጠየቅ ያለበት ምን አበዛው ነው። እርጥበት? አለርጂ? ተባይ?

ክሎርሄክሲዲንና ማይኮናዞል ያለበት ሻምፑ፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ለ3 ሳምንት ያህል፣ ሳይታጠብ 10 ደቂቃ እየቆየ ይሠራል። ዕድሜውን በሰንሰለት ታስሮ የኖረን የግቢ ዘበኛ በአረፋ ተሸፍኖ 10 ደቂቃ ማቆም ግን ጉልበት ይጠይቃል።

ሐኪሙ ከጭራው በላይ ያለውን ፀጉር ይገልጣል። ጥቋቁር ፍርፋሪ አለ። እርጥብ ጥጥ ላይ ሲያራግፈው ቀስ ብሎ ይቀላል፤ ቁንጫ የጠጣው ደም ነው።

«ቁንጫማ እኛም ቤት አለ» ይላሉ እናት። «መርፌውስ?»