የራሊ ሞተር ሒሳብ ከአቦምሳ ሲታይ

መካከለኛ ጉልበት ያላቸው የራሊ ሞተር ሳይክሎች ገበያ በአጭር ጊዜ ውስጥ መልኩን ቀይሯል። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ቴኔሬ 700 በሁለት ሲሊንደርና በ689 ሲሲ ሞተሩ ገበያውን ሲመራ ቆየ። በ2021 አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥበት ዋጋ 9,999 ዶላር ነበር። ከዚያ የቻይናው ሲኤፍሞቶ ያንኑ ቁመና የያዘ ባለ 449 ሲሲ ሞተር በ6,499 ዶላር አቀረበ። ኮቬ የተባለው ሌላው የቻይና ኩባንያ ደግሞ በ2023ቱ የዳካር ራሊ ውድድር ያሰለፋቸው ሦስቱም ሞተሮቹ እስከ መጨረሻው ዘለቁ። “የቻይና ነገር መንገድ ላይ ይቀራል” ይል ለነበረው ሁሉ መልስ ሆነ።

በውጭ ገበያ ክርክሩ የ3,500 ዶላሩን ልዩነት የሚያጸድቅ ነገር አለ ወይስ የለም የሚል ነው። ጥያቄውን ወደ አቦምሳ ስናመጣው ግን ሒሳቡ ሌላ ይሆናል።

የመርቲ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አቦምሳ ከአዋሽ ሸለቆ ቆላ ወደ አርሲ ደጋ በሚወጣው ምድር ላይ ያለች ከተማ ናት። ወረዳው በመርቲ ቲማቲምና ማርማላታ ስሙ በየሱቁ ይታወቃል። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው፣ አትክልት ሰብሳቢው ነጋዴ ከከተማው ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወርዱበት መንገድ በበጋ አቧራና ኮረት፣ በክረምት ጭቃ ነው። እንዲህ ላለው መንገድ የራሊ ሞተር አሠራር የተመቸ ነው፤ ባለ 21 ኢንች የፊት ቸርኬው ጉድጓድ ያልፋል፣ ረጅም አሞርዛተሩ ድንጋዩን ይውጣል፣ ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ ነው። የቴኔሬ ሆድ ከመሬት 24 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ጥያቄው ታዲያ ይህ ሁሉ በስንት ብር ይገባል የሚለው ነው።

መጀመሪያ ዶላሩ አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመተዉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከ130 ብር አለፈ። በ57 ብር ሲሰላ የሁለቱ ሞተሮች ልዩነት ወደ 200 ሺህ ብር ነው፤ በ130 ብር ሲሰላ 455 ሺህ ብር ይሆናል። ሞተሮቹ ያው ናቸው፤ የዶላር ልዩነታቸውም ያው ነው። በብር ግን ከእጥፍ በላይ ተራርቀዋል።

ቀጥሎ ግብሩ ይመጣል። የአስመጪ ግብር ትልቁ ጠባይ አንዱ በሌላው ላይ መደራረቡ ነው። ጂቡቲ 100 ብር የሚያወጣ ዕቃ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ጉምሩክ በመጀመሪያ ቀረጥ ይጥልበታል። ለስሌት እንዲመች ብቻ ቀረጡን 20 በመቶ እናድርገው፤ 120 ሆነ። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው በ120ው ላይ ነው፤ 138 ደረሰ። 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ራሱ ባለበት በ138ቱ ላይ ይሰላል፤ 151.80 ይሆናል። ኤክሳይስ ታክስ ካለ ከተጨማሪ እሴት ታክሱ በፊት ይገባና ከሱ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያሳድጋል። የነጋዴው ትርፍና ማጓጓዣው ገና አልተነሡም።

በዚህ ስሌት 455 ሺህ የነበረው ልዩነት ወደ 690 ሺህ ብር ይጠጋል። ርካሹ ሞተር ራሱ በ130 ብር ምንዛሪ 845 ሺህ ብር፣ ከግብሩ ጋር ወደ 1.28 ሚሊዮን ብር ይሆናል። መነሻ ያደረግነው የአሜሪካን የችርቻሮ ዋጋ ስለሆነ ጉምሩክ የሚይዘው ግምት ሊለይ ይችላል፤ የሒሳቡ አካሄድ ግን አይለወጥም።

ብዙ ገዢ ትልቅ ሞተር የሚፈራው በነዳጁ ነው። በእርግጥ ቤንዚን ከፍ ብሏል፤ በግንቦት 2014 ዓ.ም. 36.87 ብር የነበረው ሊትር በጥር 2017 ዓ.ም. 101.47 ብር ደርሶ ነበር። አንድ መካከለኛ የራሊ ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር 4 ሊትር፣ አንድ ትንሽ ሞተር 2 ሊትር ይጠጣሉ እንበል። በቀን 50 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ይነዳል። በዚያ ዋጋ ሲሰላ የነዳጁ ልዩነት በዓመት ወደ 30 ሺህ ብር ነው።

አሁን የገንዘቡን ዋጋ እንየው። ብሔራዊ ባንክ ከምንዛሪ ለውጡ ጥቂት ቀደም ብሎ የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ አደረገው። የባንክ ብድር ከዚህም ሊበልጥ ይችላል፤ እኛ ግን በ15 እንያዘው። ሞተር ላይ የተቀመጠ 1.28 ሚሊዮን ብር በዓመት 192 ሺህ ብር ወለድ ያስከፍላል። ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ ቢገዛም ሒሳቡ ያው ነው፤ ገንዘቡ ሽንኩርት ቢነግድበት፣ ወፍጮ ቢተክልበት ያገኝ የነበረውን አጥቷል። ነዳጁ 30 ሺህ፣ ወለዱ 192 ሺህ። ሰው ማደያ ላይ ይጨነቃል፤ ኪሱ የሚራቆተው ግን ሞተሩ ግቢ ቆሞ ሲያድር ነው።

“ሞተር ሀብት ነው፣ ዋጋው ይጨምራል” የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነትነት አለው። ብር ሲዳከም መኪናና ሞተር የገዛ ሰው ገንዘቡን ከግሽበት አስጥሏል፤ ባንክ ካስቀመጠው ይልቅ አትርፏል። ይህ መከላከያ የሚሠራው ግን ዕቃው በተፈለገ ቀን ገዢ ሲያገኝ ነው። ቦክሰር ወይም አፓቼ የሚባለው የተለመደ ትንሽ ሞተር አዳማ ላይ ለሽያጭ ቢወጣ ደላላው ብዙም ሳይቸገር ያሻሽጠዋል፤ ዋጋውን ሁሉም ያውቀዋልና። አርሲ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ያሉት ሞተር ግን ዋጋውን የሚያውቅለት ሰው የለም። ያለ ገዢ የጨመረ ዋጋ ወረቀት ላይ የቀረ ትርፍ ነው።

መለዋወጫውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የትንሿ ሞተር ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቴና አዳማ ገበያ ላይ ይገኛል፤ የሠፈሩ መካኒክም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታዋል። በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጭ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አንድ ሴንሰሩ ቢበላሽ ዕቃው ከውጭ ይታዘዛል፤ በሻንጣ የሚያመጣ ዘመድ ይፈለጋል። ያ ዕቃ እስኪመጣ ሞተሩ ቆሟል፣ ወለዱ ግን አልቆመም። ሞተሩ ሲሠራ ያስገኘውን ጥቅም አንድ ወር መቆም ይበላዋል።

የራሊ ሞተር ታሪክ ራሱም ይህንኑ ያስተምራል። የመጀመሪያውን የፓሪስ–ዳካር ውድድር እ.ኤ.አ. በ1979 በሞተር ያሸነፈው ፈረንሳዊው ሲሪል ኔቩ የነዳው ያማሃ ኤክስቲ 500 ነበር፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ አንድ ሲሊንደር። ሰሃራን ያሻገረው ቀላልነቱና ለጥገና መመቸቱ ነው። ዛሬ በራሊ ስም የሚሸጠው ተጨማሪ ጉልበት ለሰፊ አውራ ጎዳና የሚሆን ነው፤ ከ70 በላይ የሆነው የቴኔሬ የፈረስ ጉልበት በአቦምሳ ጭቃ ላይ ሥራ የለውም። የሚጠቅመን ቸርኬው፣ አሞርዛተሩና ከፍታው ነው። እነዚህን ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የረድኤት ድርጅቶች በየወረዳው ለዓመታት ሲጠቀሙባቸው የኖሩት ዲቲ 125ና የሆንዳ ኤክስኤል ዓይነት ትንንሽ የገጠር ሞተሮች ይዘዋቸዋል።

የፖሊሲው አቅጣጫም ሊታሰብበት ይገባል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። አዲስ አበባም ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ሳይክሎች ላይ እገዳ ጥላ እንደነበር ይታወሳል። በአንድ መመሪያ ገበያው ሊዘጋ ወይም ሊከፈት በሚችልበት አገር ውድ ሞተር የያዘ ሰው የመመሪያውን ሥጋትም አብሮ ይዟል። የኤሌክትሪክ ሞተሮች አዲስ አበባ ውስጥ መሸጥ ጀምረዋል፤ በከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ሒሳባቸው ያዋጣ ይሆናል፤ ባትሪ መሙያ በሌለበት የቆላ ቀበሌ ግን ገና ናቸው።

መካከለኛው የራሊ ሞተር ለማንም አያዋጣም ማለት ግን አይደለም። ከሞያሌ እስከ መተማ ቱሪስት እየመራ በዶላር የሚከፈለው አስጎብኚ ገቢውም ወጪውም በአንድ ገንዘብ ስለሆነ የብር መዳከም አይጎዳውም። ሰፊ ቦታ የሚሸፍንና የራሱ ጋራዥ ያለው ድርጅትም አንድ ዓይነት ሞተር በብዛት ገዝቶ መለዋወጫውን አብሮ ቢያስገባ ሊያዋጣው ይችላል። በብድር የሚገዛ ደግሞ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ሞተሩን ራሱን ዋስትና ለማድረግ በር እንደከፈተ ይወቅ፤ አበዳሪው ግን በመጀመሪያ የሚያየው ሞተሩ ቢወረስ ማን ይገዛዋል የሚለውን ነው።

ለአቦምሳ ነጋዴ ወይም ባለሙያ መለኪያው እንግዲህ አጭር ነው። 192 ሺህ ወለዱንና 30 ሺህ ነዳጁን በ300 የሥራ ቀን ስናካፍል በቀን 740 ብር ገደማ ይመጣል። ትንሹም ሞተር የራሱ ወለድ ስላለው ልዩነቱ ከዚህ ጥቂት ዝቅ ይላል። ትልቁ ሞተር ትንሹ የማያመጣውን ይህን ያህል ገቢ በየቀኑ ካላስገባ፣ በአሜሪካ ዋጋው የቱንም ያህል ርካሽ ቢባል እዚህ ውድ ነው። ልዩነቱን ለሁለተኛ ትንሽ ሞተር ወይም ለመለዋወጫ መጋዘን ያዋለ ይበልጥ ያተርፋል።