ከደብረ ታቦር ቁልቁለት እስከ ፎገራ ሜዳ፦ ራሱን የሚሸሽግ የፍሬን ብልሽት

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ፣ ወረታ ደግሞ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከመጀመሪያዋ ወደ ሁለተኛዋ ከተማ ሲወርድ 13 ሚሊዮን ጁል ያህል እምቅ ኃይል ይለቃል። ይህ ኃይል አይጠፋም፤ አየርና ጎማ ከሚወስዱት የተረፈው በሞተርና በፍሬን አማካይነት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጠቅላላ መጠኑ 40 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ቁልቁለቱ ሲያበቃ የሚጠብቀው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ሕዝብ፣ ባጃጅና ከብት የሚተላለፉበት ነው። ስለሆነም ፍሬን አብዝቶ ከጋለ በኋላ አብዝቶ ይፈለጋል።

ፔዳሉ ሲረገጥ የእግር ግፊት በፍሬን ዘይት በኩል ወደ ጎማዎች ይተላለፋል። ይህም የሚሆነው ፈሳሽ በቀላሉ ስለማይታመቅ ነው። ሆኖም የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲይዝ ግን መነሻው ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል።

አሳሳቹ ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፤ ፔዳሉም እንደ ቀድሞው ይጠነክራል። በማግስቱ በግቢው የሚመረምር ባለቤት «ምንም አልሆነም» ብሎ ሊዘናጋ ይችላል። በመሆኑም በቁልቁለት ላይ አንዴ የላላ ፍሬን፣ ኋላ ቢስተካከል እንኳ ዘይቱ ሳይለወጥ ሊታመን አይገባውም።

ሌሎች ብልሽቶችን ግን በቤት መለየት ይቻላል። በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ፣ ቀጥሎም አጥብቆ እንደረገጡ ሞተሩን ማስነሳት ነው። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ የፍሬን አጋዡ ይሠራል፤ ካልተንቀሳቀሰ ችግር አለበት። ተረግጦ ሳለ ቀስ በቀስ የሚሰምጥ ከሆነ ዘይት የሚያሳልፍ ክፍል አለ ማለት ነው። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስና ሲደጋገም የሚጠነክር ፔዳል በአብዛኛው አየር መግባቱን ይጠቁማል። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማ ድምፅ የሸራ ማለቅ ምልክት ሲሆን፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ የሁለቱ ጎን ፍሬኖች እኩል አለመያዛቸው ያጠራጥራል።

የፍሬን ዘይቱ መጠን ከምልክቱ በታች ከሆነ በአምራቹ የታዘዘውን ዓይነት መጨመር፣ ያነሰበትንም ምክንያት መፈለግ ያስፈልጋል። የሞተር ዘይት ግን ፈጽሞ አይጨመርም፤ የጎማ ማኅተሞቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል። ርብና ጉማራ ሞልተው መንገድ በሚያጥለቀልቁበት ክረምት ውሃ ያቋረጠ መኪና፣ ሸራው እስኪደርቅ በዝግታ እየተነዳ ፍሬኑ ለስለስ ተደርጎ ደጋግሞ ይያዝ። ሸራ መለወጥና አየር ማስወጣት ልምድ ለሌለው ሰው የሚተው ሥራ ስላልሆነ ለባለሙያ ይሰጥ፤ እስከዚያውም መኪናው አይነዳ።

በቁልቁለት ደግሞ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ ይገባል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ አውጥቶ መውረድ፣ ያንን ሙቀት ሁሉ በፍሬን ላይ ብቻ መጫን ነው። ጥቂት ሊትር ነዳጅ ከሰው ሕይወት ጋር አይነጻጸርም።