ሊኑክስ ከጫናችሁ በኋላ ምን ይቅደም?



ሊኑክስ አዲስ የጫነ ሰው መጀመሪያ የሚያጓጓው ገጹን ማሳመር ነው፦ ቀለም፣ አይከን፣ የጀርባ ምስል። የሚያዋጣው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ መመለሻ መንገድ፣ ቀጥሎ የምንማርበት መሣሪያ፣ በመጨረሻ ውበት። ሲያሳምሩት የተበላሸ ላፕቶፕ ጉዳቱ የሚታየው ፕሮጀክት በሚረከብበት ሳምንት ነውና።

ለምሳሌ ሊኑክስ ሚንትን እንውሰድ። ከእትሞቹ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለ ስለሆነ 4 ጊጋባይት ራም ላለው አሮጌ ላፕቶፕ ይስማማል።

1ኛ፦ ማደስ። አፕዴት ማናጀርን ክፈቱና ያለውን ማሻሻያ በሙሉ ጫኑ። ማውረዱ ከተንቀራፈፈ «ሶፍትዌር ሶርስስ» ውስጥ ሚረር የሚለውን ንኩ፤ የሰርቨሮቹን ፍጥነት እየለካ ያሳያችኋል፣ ፈጣኑን ምረጡ። የመጀመሪያው እድሳት ብዙ ዳታ ስለሚበላ በሞባይል ጥቅል ሳይሆን በግቢው ዋይፋይ፣ ተጠቃሚ በማይበዛበት ሰዓት ይሁን።

2ኛ፦ መመለሻ። ታይምሺፍት ከሚንት ጋር አብሮ ይመጣል። የሲስተሙን የዛሬ ሁኔታ ያስቀምጥና ነገ ቢበላሽ ወደዚያው ይመልሰዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ካልነገራችሁት በቀር ታይምሺፍት ሆም ፎልደራችሁን አይነካም። የፓነሉና የቀለሙ ማስተካከያ ግን የሚጻፈው እዚያው ሆም ፎልደር ውስጥ ባሉ ስውር ፋይሎች ላይ ነው። ስለዚህ «ዩዘርስ» በሚለው ክፍል ስውር ፋይሎችን ብቻ እንዲጨምር ምረጡ። አሳይንመንትና ፕሮጀክት ደግሞ ለብቻው በፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ፤ ታይምሺፍት የሰነድ መጠባበቂያ አይደለም።

3ኛ፦ ጽሕፈት። ከሶፍትዌር ማናጀር አይባስንና ኤም17ኤን የተባለውን ተጨማሪውን ጫኑ፤ ከዚያ አማርኛን «ሴራ» በሚለው ስልት ጨምሩ። የሚጻፈው በድምፁ ነው፦ ኤስን ብቻ ስትጫኑ ስ፣ ኢን ስታስከትሉ ሰ፣ በኢ ፋንታ ኤን ስትጫኑ ሳ ይሆናል። ዐረብኛንም እዚያው ዝርዝር ላይ መጨመር ይቻላል። ለፊደል ቅርጽ አቢሲኒካ ለአማርኛ፣ አሚሪ ለዐረብኛ በነጻ ይገኛሉ። በዊንዶውስ በኒያላ የተጻፈ ሰነድ ሊኑክስ ላይ ሲከፈት ፊደሉ በሌላ ስለሚተካ መስመሩና ገጹ ሊዛነፍ ይችላል። መምህሩ ከፈቀደ ሥራችሁን በፒዲኤፍ አስረክቡ፤ እናንተ ያያችሁትን እሱም ያያል።

4ኛ፦ ውበት። አሁን ቀለሙንና አይከኑን «አፒራንስ» ውስጥ ገብታችሁ እንደወደዳችሁ አድርጉ። ላፕቶፑ ከዘገየ የመስኮቶቹን ጥላና ግልጽነት የሚሠራውን «ኮምፖዚተር» አጥፉት፤ አብረው የሚነሡ የማትፈልጓቸውን ፕሮግራሞችም ከ«ሴሽን ኤንድ ስታርትአፕ» አስቀሯቸው። አንድ ነገር ለውጡ፣ ደህና መሆኑን እዩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። አምስት ነገር በአንዴ ለውጦ የትኛው እንዳበላሸ መፈለግ ሌሊት ይፈጃል።

ከቪዲዮ የተገለበጠ ትእዛዝ «ሱዶ» በሚል ቃል ከጀመረ ሳትረዱት አታስገቡ። ያ ቃል ለትእዛዙ በሲስተሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይሰጠዋል።

ሁሉም ሲስማማችሁ ታይምሺፍትን እንደገና ክፈቱና ይህን መልክ አስቀምጡ። ከዚህ ወዲያ ቢበላሽ እንኳ የሚመለሰው ወደ ባዶ ጭነት ሳይሆን እናንተ ወዳስተካከላችሁት ነው።