በስደተኞች ቤት ስላደገው የሥዕል ታሪክ ሊቅ

ከወሰን ሰፈራችን ተነሥተን ወደ የካ ተራራ የወጣን እንደ ሆነ፣ ከአንድ አለት የተፈለፈለውን የዋሻ ሚካኤልን ጥንታዊ ሕንፃ እናገኛለን። ልጆቻችንን ይዘን በሄድን ጊዜ ታናሹ እጁን በድንጋዩ ላይ እያስኬደ፣ «አባባ፣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚመረምር ሰው ከማን ይማረዋል?» ሲል ጠየቀን። የዚያን ጊዜ ያልመለስንለትን ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንመልስለት አሰብን። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ፕሮፌሰር አንድሬ ግራባር በ1896 በኪየቭ ተወለዱ፤ የቤተ ክርስቲያንንም ጥንታዊ ሥዕል ተማሩ። አባቶቻችን መስኮብ ይሏት በነበረችው በሩሲያ በ1917 መንግሥት ተለውጦ የርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ብዙ ሕዝብ አገሩን ጥሎ ወጣ፤ እርሳቸውም በ1920 ወደ ቡልጋሪያ ተሰደዱ። በዚያም በጥንት አብያተ ክርስቲያናት ያሉትን ሥዕሎች እየዞሩ ይመረምሩ ነበር። ቀጥሎም ወደ ፈረንሳይ አገር ተሻግረው በስትራስቡርግ ከተማ አስተማሪ ሆኑ፤ የቡልጋሪያ ተወላጅ የሆኑትን ሐኪም ዩሊያ ኢቫኖቫንም አገቡ።

ልጃቸው ኦሌግ በ1929 በስትራስቡርግ ተወለደ። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ የነበሩት የሩሲያ ስደተኞች ኑሮ የሚያሳዝን ነበር። ትናንት የጦር መኰንን የነበረው ሰው በፓሪስ ጎዳና ታክሲ ሲነዳ ይታይ ነበር፤ የብዙዎቹም ወረቀት የመንግሥታት ማኅበር ከ1922 ጀምሮ አገር ላጡ ሰዎች የሰጠው የናንሰን ፓስፖርት ነበር። እንዲህም ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ይሠሩ፣ በ1925ም በፓሪስ የቅዱስ ሰርግዮስን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ለልጆቻቸውም ፊደላቸውንና ጸሎታቸውን ያስተምሩ ነበር። እኛ በፍርድ ቤት የውርስ መዝገብ ስንገለብጥ የምናገኘው መሬትና ቤት፣ ከብትና ገንዘብ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ለልጆቻቸው ያወረሱት ግን በመዝገብ የሚጻፍ አልነበረም።

ኦሌግም በአባቱ መጻሕፍት መካከል አደገ፤ የሩሲያና የፈረንሳይን ቋንቋ አንድነት ያዘ። ቤተ ሰቡ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳይነሣ ወደ ፓሪስ ተዛውሮ ነበርና፣ ጀርመኖች በ1940 ከተማይቱን ሲይዙ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ በ1944 ነፃ ስትወጣ ደግሞ ዐሥራ አምስት አልሞላውም። ትምህርቱን ግን አላቋረጠም፤ ሉዊ ለ ግራን በሚባለው በታወቀው ትምህርት ቤት ተማረ። በ1948 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ1950 ከሃርቫርድ ተመረቀ፤ በ1955ም በፕሪንስተን የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

አባቱ በክርስቲያን ሥዕል ዝናቸው የታወቀ ሲሆን፣ ልጁ የመረጠው የእስላሞችን ሕንፃና ሥዕል መመርመር ነው። ይህን አባቱን እንደ መተው የሚቈጥረው ይኖር ይሆናል፤ ለእኛ ግን የመሰለን የአባቱን ዐይን ይዞ ወደ ሌላ ቤት መግባቱ ነው።

በ1954፣ ገና ዶክተር ሳይባል፣ ስለ አንድ ሥዕል ጽፎ አሳተመ። ይህም ሥዕል በዮርዳኖስ ምድረ በዳ ባለው ቁሰይር ዐምራ በሚባለው ቤት ግድግዳ ላይ በ8ኛው መቶ ዓመት የተሣለ ሲሆን፣ ስድስት ነገሥታት በአንድነት ቆመው ያሳያል። ሥዕሉ ብዙ ተበላሽቷል፤ ነገር ግን በግሪክና በዐረብ ፊደል ከተጻፉት ስሞች አራቱ ተነበዋል። እነርሱም የሮም ቄሣር፣ የእስፓንያው ሮድሪክ፣ የፋርሱ ኪስራ፣ አራተኛውም ነጃሺ፣ ማለት የኛ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው። ወጣቱ ሊቅ እነዚህን ነገሥታት እንደ አንድ የነገሥታት ቤተ ሰብ አድርጎ ተረጐማቸው። አገሩን ያጣ ሰው ልጅ በባዕድ ግድግዳ ላይ ቤተ ሰብ ማየቱ አስደነቀን።

ከዚያም በሚሺጋንና በሃርቫርድ ብዙ ዘመን አስተማሩ፤ በሶርያም ምድረ በዳ የጥንት ከተማ አስቈፈሩ። አባታቸው በ1990፣ እርሳቸውም በ2011 ዐረፉ።

ይህን ለልጃችን ባነበብንለት ጊዜ የጠየቀን ስለ ፕሮፌሰሩ አልነበረም፤ «ነጃሺ ዘውድ ደፍቷል ወይ?» አለን።