በውስጥ ኔትወርክ የኮምፒውተር ሰዓቶችን ማስማማት
ጉለሌ ክፍለ ከተማ እንደሚገኘው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባሉ የላቦራቶሪ ተቋማት የአንድ ናሙና መረጃ በተለያዩ ኮምፒውተሮች ሊመዘገብ ይችላል። የኮምፒውተሮቹ ሰዓት ካልተስማማ፣ ውጤቱ ናሙናው ከመድረሱ በፊት የወጣ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሰዓቱን የሚመራው የኳርትዝ ክሪስታል በሚሊዮን 20 ያህል ቢስት፣ ሰዓቱ በቀን 1.7፣ በወር ደግሞ 52 ሰከንድ ገደማ ይዛነፋል።

ዴቪድ ሚልስ የነደፈውና መግለጫው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ኔትወርክ ታይም ፕሮቶኮል የጥያቄውንና የምላሹን መነሻና መድረሻ ጊዜያት አነጻጽሮ ልዩነቱን ያሰላል። ስሌቱ ግን የመሄጃውና የመመለሻው መዘግየት እኩል መሆኑን ታሳቢ ያደርጋል። የኢንተርኔት መስመር በአንድ አቅጣጫ ሲጨናነቅ ይህ ታሳቢ ይፈርሳል፤ መስመሩ ሲቋረጥም ኮምፒውተሮቹ በየፊናቸው ይዛነፋሉ። ስለዚህ ሁሉም የሚከተሉት የጊዜ ሰርቨር በተቋሙ ውስጥ ሊኖር ይገባል። ሰርቨሩ ራሱ በጥቂቱ ቢዛነፍ እንኳ፣ የመዝገቦቹ ቅደም ተከተል ይጠበቃል።