የነገሌ ቦረና የውሃ ጉድጓድና የኃያላን መንግሥታት ፉክክር

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተነዋል። የሰማነውን ያህል ግን በሥራ ላይ አናውለውም። ዛሬ ስለ ሁለቱ ታላላቅ መንግሥታት፣ ማለት ስለ አሜሪካና ስለ ሶቪየት ኅብረት የቀድሞ ፉክክር ስንነጋገር፣ ነገሩን ከዋሽንግተን ወይም ከሞስኮ ሳይሆን ከነገሌ ቦረና ለመጀመር የፈለግነው፣ ይህን ምሳሌ አጉልቶ የሚያሳይ ታሪክ በዚያ ስለሚገኝ ነው።

ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። ሁለቱ ወንዞች ወደ ቆላው ወርደው በዶሎ አጠገብ ይገናኙና ጁባ የሚባለውን ወንዝ ይሠራሉ፤ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የሶማሊያ ወሰን የሚገጥመውም በዚያው አካባቢ ነው። በቀድሞው አስተዳደር ነገሌ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ወሰኑን የሚጠብቅ ጦርም ሠፍሮባት ነበር። ይህ ጦር ከኃያላኑ ፉክክር ጋር ምን እንዳገናኘው ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ዓለምን ለሁለት ተከፋፍለው መፎካከር እንደ ጀመሩ ይታወቃል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን በመጋቢት 1939 ዓ.ም. ለግሪክና ለቱርክ 400 ሚሊዮን ዶላር እንዲፈቀድ ምክር ቤታቸውን በጠየቁ ጊዜ፣ የኮሚኒዝምን መስፋፋት በያለበት መግታት የአሜሪካ መንግሥት ዋና ፖሊሲ ሆነ። አገራችንም ከዚህ ፖሊሲ ውጭ አልቀረችም። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘመተ፤ ከዘማቾቹም ከመቶ በላይ የሚሆኑት በዚያ ወደቁ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያና አሜሪካ ሁለት ውሎች ተፈራረሙ። በአንደኛው ውል አሜሪካ በአስመራ ላይ ቃኘው የተባለውን የሬድዮ ጣቢያ ለ25 ዓመት እንድትይዝ ተፈቀደ፤ በሁለተኛው አሜሪካ የኢትዮጵያን ጦር ልታስታጥቅና ልታሠለጥን ተስማማች። ኋላም በ1952 ዓ.ም. ዕርዳታው 40 ሺሕ ወታደር ያለው ጦር ለማቋቋም እንዲበቃ ተወሰነ። ውሉ እስኪፈርስ ድረስ ለጦሩ የተሰጠው ዕርዳታ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ መንግሥት በሌላው በኩል ያለውንም በር ጨርሶ አልዘጋም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1951 ዓ.ም. ሞስኮን ጐብኝተው የ100 ሚሊዮን ዶላር ብድር አግኝተዋል። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክና በ1959 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በሶቪየት ዕርዳታ የተሠሩ ናቸው። በጦር መሣሪያ ረገድ ግን ኢትዮጵያ የአሜሪካ ወገን ነበረች።

ጐረቤታችን ሶማሊያ በሰኔ 1952 ዓ.ም. ነፃነቷን ስታገኝ፣ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ካለችው ኮከብ አምስት ጫፎች አንዱ በኢትዮጵያ የሚኖሩትን ሶማሌዎች የሚያመለክት መሆኑ የተሰወረ አልነበረም። ምዕራባውያን ሊሰጧት ያሰቡት መሣሪያ ስላነሰባት በ1956 ዓ.ም. የሶቪየትን ዕርዳታ መረጠች። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ ጋር በወሰን ላይ ተዋጋች። በጥቅምት 1962 ዓ.ም. ጄኔራል ሲያድ ባሬ ሥልጣን ከያዙ በኋላ የሶቪየት መርከቦች በበርበራ ወደብ ማረፊያ አገኙ። እንግዲህ በአስመራ የአሜሪካ ጣቢያ፣ በበርበራ የሶቪየት መርከብ፣ በመካከሉም ረጅም የበረሃ ወሰን ሆነ። ነገሌ በዚህ ወሰን ጀርባ ከነበሩት የጦር ሠፈሮች አንዷ ነበረች።

በዚያው ዘመን በባሌና በቦረና ቆላ ዋቆ ጉቱና ሌሎች የመሩት የገበሬዎች ዐመፅ ተነሥቶ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ቈይቷል። መሣሪያው ከሶማሊያ በኩል ይገባ እንደ ነበር እውነት ነው። የገበሬው ብሶት ግን ከሞቃዲሾ የመጣ አልነበረም፤ መሬቱን መነጠቁ፣ የግብሩ ክብደትና የሹማምንቱ አያያዝ የወለዱት ነበር። በማዕከል የነበሩት ባለሥልጣኖች መሣሪያውን አይተው ብሶቱን ሳያዩ ቀሩ። ይህ ስሕተት በነገሌ ሠፈር ውስጥም ተደገመ።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሠፈረው የምድር ጦር ብርጌድ ወታደሮች ዐመፁ። ጥያቄያቸው የርዕዮተ ዓለም ጥያቄ አልነበረም። ምግባቸው የከፋ ነበር፤ የሚጠጡት ውሃ የሚወጣበት የጉድጓድ ሞተርም ተበላሽቶ ነበር። መኰንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ወታደሮቹ ከዚያ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። በዚህ ጊዜ ወታደሮቹ አዛዦቻቸውን ይዘው አሰሩ። የምድር ጦር ዋና አዛዥ የነበሩት ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለ ነገሩን እንዲያጣሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ቢላኩ፣ እርሳቸውንም ያዟቸው፤ ወታደሩ የሚበላውን አብልተው ወታደሩ የሚጠጣውን ውሃ አጠጧቸው። ጄኔራሉ የተለቀቁት በደላቸው እንደሚታይላቸው ተስፋ ከተሰጣቸው በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ከነገሌ ወደ ምዕራብ፣ በዱብሉቅና በአካባቢው፣ «ዘጠኙ ቱላ» የሚባሉት የቦረና ጥንታውያን ጉድጓዶች ይገኛሉ። በእነዚህ ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ሰዎች ከታች እስከ ላይ በመሰላል ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃውን በቆዳ መቅጃ ይቀባበላሉ። «አባ ሄሬጋ» የሚባለው ሹም የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ በተራ ይመድባል፤ ሕጉን ያፈረሰም በሽማግሌዎች ፊት ይጠየቃል። ለከብት ተራ አለ፤ ለተጠማ ሰው ግን የሚጠጣው ውሃ አይከለከልም። እንዲህ ያለ የውሃ ሕግ በኖረበት አገር፣ በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠነ መኰንን ለወታደሩ ውሃ መንፈጉ የሚያሳዝን ነው።

የነገሌ ወሬ በጋዜጣ ሳይወጣ በጦሩ ውስጥ ከሠፈር ወደ ሠፈር ተዛመተ። በየካቲት ወር የደብረ ዘይት አየር ኃይል፣ የካቲት 18 ቀን የአስመራው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተከተሉ። የወሎ ረኃብ የሕዝቡን ልብ አቍስሎ ነበር፤ የነዳጅ ዋጋ መወደድ ባለታክሲውን፣ የትምህርት ማሻሻያው ዕቅድ መምህሩን አስቈጥቶ ነበር፤ ተማሪው ስለ መሬት ጥያቄ መጮኽ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። የነገሌ ጉድጓድ ብቻውን አብዮት አመጣ አንልም፤ ነገር ግን መንግሥት የሚተማመንበት ጦር መጀመሪያ የተሰነጠቀው በዚያ ነው። የካቲት 20 ቀን የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በታኅሣሥ ወር ደርግ «ኅብረተሰብአዊነት» የሚለውን መመሪያ ዐወጀ።

ከዚህ በኋላ ኃያላኑ ቦታ ተለዋወጡ። ደርግ በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. ከሞስኮ ጋር የመሣሪያ ውል ተዋዋለ፤ የፕሬዚዳንት ካርተር መንግሥት በሰብአዊ መብት ምክንያት ዕርዳታውን ሲቀንስ፣ በሚያዝያ ወር የቃኘው ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። በሐምሌ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ወሰን ጥሶ ገባ፤ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን ያዘ። በኅዳር ወር ሲያድ ባሬ የሶቪየት አማካሪዎችን አስወጡ። ወዲያውም የሶቪየት መሣሪያ በአየርና በባሕር ወደ ኢትዮጵያ ጐረፈ፤ የኩባ ወታደሮችም በሺሕ እየተቈጠሩ መጡ። በየካቲት መጨረሻ ጅጅጋ ነፃ ወጣች። በነሐሴ 1972 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ በበርበራ ወደብ ለመጠቀም ከሲያድ ባሬ ጋር ተስማማች።

የካርተር የፀጥታ አማካሪ የነበሩት ብሬዚንስኪ፣ ሁለቱ ኃያላን በመሣሪያ ቅነሳ ላይ የጀመሩት ስምምነት በኦጋዴን አሸዋ ውስጥ እንደ ተቀበረ ጽፈዋል። እኛ ግን ከዚያ አሸዋ በታች የተቀበረውን ሌላ ነገር እንጠይቃለን። በዚያ ጦርነት የወደቀው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ልጅ ነው። የሁለቱም እጅ የያዘው መሣሪያ በብዛቱ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ነበር። «ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጐዳው ሣሩ ነው» የተባለው በእኛ ደረሰ።

ዋሽንግተን ኮሚኒዝምን ለመግታት በኢትዮጵያ የሠራችው አጥር ጠብመንጃ፣ አውሮፕላንና ሬድዮ ነበረው። አጥሩን ከውጭ የደፈረው የሶማሊያ ጦር እንኳ ሊያፈርሰው አልቻለም፤ ቀድሞ ከውስጥ ተፈትቶ ነበርና። ሞስኮም ከዚህ አልተማረችም። ከእርሷ የመጣው መሣሪያ ከአሜሪካው በብዙ እጥፍ ቢበልጥም፣ የሕዝቡና የወታደሩ ብሶት ስላልተሰማ ደርግም አልጸናም፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ሄዱ። ሁለቱም ኃያላን በተራቸው ያንኑ ትምህርት ከፈሉ፤ ዋጋውን የሸፈነው ግን ሕዝባችን ነው።

ዛሬም የአፍሪካ ቀንድ የታላላቆች መገናኛ መሆኑ አልቀረም፤ በጅቡቲ የአሜሪካና የቻይና የጦር ሠፈሮች በአንድ ትንሽ አገር ውስጥ ተጐራብተው ይገኛሉ። ስለዚህ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም።

በትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶችና በቅርቡ ወንበር የያዛችሁ ሠራተኞች፣ የዓለምን ፖለቲካ መከታተላችሁ የሚያስመሰግን ነው። ማን ከማን ጋር እንደ ተዋዋለ፣ የትኛው ወደብ በማን እጅ እንደ ገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን አንድ ቀን ከእናንተ አንዱ ወደ ነገሌ፣ ወደ ፊልቱ ወይም ወደ ሞያሌ ተመድቦ ሲሄድ፣ በጠረጴዛው ላይ «የውሃው ሞተር ተበላሽቷል» የሚል ማመልከቻ ያገኝ ይሆናል። ማመልከቻው ትንሽ ይመስላል፤ ከታላላቁ ጉዳይ ኋላ ይደረስበታል ተብሎ ከመዝገብ ሥር የሚገባም ዓይነት ነው። በ1966 ዓ.ም. በነገሌ የነበረውም ጉዳይ ትንሽ ይመስል ነበር። የዚያን ቀን ሞተሩን የሚጠግን ሰው ይላክ፤ ሰው እስኪደርስም የሹሙ ጉድጓድ ለሁሉ ይከፈት።